ውኃ ሳይቀምስ የሚሸጥ አኳሪየም

የዓሣ ማስቀመጫ መስታወት፣ በተለምዶ አኳሪየም የምንለው፣ የባለሀብት ሳሎን ጌጥ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፡፡ ዛሬ በአዲስ አበባ በሆቴሎች መግቢያ፣ በክሊኒኮች ተራ መጠበቂያና በኮንዶሚኒየም ቤቶች ሳይቀር ይታያል፡፡ ፈላጊ ካለ አቅራቢ አይጠፋምና፣ በርና መስኮት የሚሠሩ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ቤቶች አኳሪየምም በልክ እየቆረጡ ያጣብቃሉ፡፡ የሥራ መስክ መከፈቱ የሚያስመሰግን ነው፡፡ የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ ሌላ ነው፡፡ ዕቃው ብዙውን ጊዜ ለገዢ የሚሰጠው አንዲት ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ መሆኑ ነው፡፡

ይህን ለማለት ያበቃኝ በራሴ ቤት የደረሰው ነው፡፡ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም አሠርቼ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደሚገኘው መኖሪያዬ አስገባሁ፡፡ ልጆቹ ለዓሦቹ ስም አውጥተው ተከፋፈሏቸው፡፡ በመጀመሪያው ሳምንት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እርጥበት አይቼ ነበር፤ ልጆች ያፈሰሱት ነው ብዬ በጨርቅ ጠርጌ ተውኩት፡፡ አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለካ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ነው፡፡ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት በሩ ተንኳኳ፡፡ ከታች የሚኖሩት እናት ናቸው፡፡

«ልጄ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ተኝታችኋል መሰለኝ፤ ከጣሪያው አልጋዬ ላይ ይንጠባጠባል» አሉኝ፡፡

መብራት ሳበራ ምንጣፉ ውኃ አቁሯል፡፡ የፓምፑ ገመድ የተሰካበት ማከፋፈያ ከዚያው ውኃ አጠገብ ተጋድሟል፡፡ በሰው ላይ ጉዳት አለመድረሱ የእግዜር ቸርነት እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አልነበረም፡፡

«የዓሣ ውኃ ቢፈስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም፡፡ እስቲ ሒሳቡን እንመልከት፡፡ በዚህ ልክ የተሠራ አኳሪየም እስከ አፉ ሲሞላ 144 ሊትር ይይዛል፡፡ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ ከሰባት ጀሪካን በላይ ነው፡፡ ውኃው የፊተኛውን መስታወት ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል ሲሰላ ደግሞ የ81 ኪሎ ግራም ክብደት ያህላል፡፡ ይህ ግፊት ቀንም ሌሊትም አያርፍም፤ የሚበረታውም ከታች፣ ግድግዳና ወለሉ በተጋጠሙበት መስመር ላይ ነው፡፡ ያን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ቀጭን የሲልከን መስመር ነው፡፡ የእኔው የተሠራው ለመስኮት በሚውል ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት መሆኑን ያወቅሁት ከፈሰሰ በኋላ ነው፡፡

ሠሪው ተጠርቶ መጣ፡፡ በውጭ በኩል ሲልከን ለቀለቀና «ከእንግዲህ አያስቡ ጋሼ» ብሎኝ ሄደ፡፡ ውኃው በተሞላ ማግሥት እንደገና ፈሰሰ፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ በውጭ የተለቀለቀውን ውኃው ከውስጥ እየገፋ ያላቅቀዋል፡፡ ከዚህም በላይ አዲስ ሲልከን ቀድሞ በደረቀ ሲልከን ላይ በደንብ አይጣበቅም፡፡ ትክክለኛው ጥገና ውኃውን ጨርሶ ማውጣት፣ የውስጡን አሮጌ ሲልከን በምላጭ እስከ መስታወቱ ፍቆ ማንሳት፣ በአልኮል ማጽዳት፣ ከዚያም በውስጥ በኩል አዲስ ሲልከን ሞልቶ ለጥቂት ቀናት እንዲደርቅ መተው ነው፡፡ መስታወቱ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን መለወጥ እንጂ መለጠፍ አያዛልቅም፡፡

የሲልከኑም ዓይነት ወሳኝ ነው፡፡ ለመታጠቢያ ቤት ከሚሸጠው ውስጥ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የተጨመረበት አለ፤ ለዓሣ መርዝ ነው፡፡ ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ መኖሩ ብቻ ማረጋገጫ ስለማይሆን፣ ለአኳሪየም እንደሚሆን ዕቃው ላይ ተጽፎ ማየት ያስፈልጋል፡፡

አኳሪየሙ እያፈሰሰ ያገኘው ሰው አስቀድሞ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፋ፡፡ በውኃ ውስጥ ቆሞ ሶኬት መንቀል በሕይወት መቀለድ ነው፡፡ ቀጥሎ ከአኳሪየሙ ውኃ በንጹሕ ባልዲ ቀድቶ ዓሦቹን እዚያ ያቆያቸው፡፡ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በቀጥታ አይሆንም፡፡ የማጣሪያውን ስፖንጅም እዚያው ባልዲ ውስጥ ይጨምረው፤ የዓሣን ቆሻሻ የሚያጣሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ያሉት በእርሱ ላይ ነውና ከደረቀ ይሞታሉ፡፡ የፈሰሰበትን ቦታ ለማወቅ ደግሞ ውኃው እየጎደለ ሄዶ የት ላይ እንደቆመ ይመልከት፤ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ በዚያው ከፍታ ላይ ይገኛል፡፡ ውኃ ስለጎደለ ብቻ ግን ፈሰሰ አይባልም፤ በትነትም ይጎድላል፡፡ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፎ ማደር ሁለቱን ይለያል፡፡

እንግዲህ ወደ ገበያው እንመለስ፡፡ ሠሪዎችም የሚያነሱት ነገር አላቸው፡፡ ገዢው ዋጋ አስቀንሶ ሲያበቃ ወፍራም መስታወት ይፈልጋል ይላሉ፡፡ በተንሻፈፈ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲሰነጠቅበት በእኛ ያላክካል ይላሉ፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለሙከራ የሚሆን ከየት እናምጣ ይላሉ፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነትነት አላቸው፤ እኔም በዋጋ ከተከራከሩት አንዱ ነኝ፡፡ የመጨረሻው ግን አያሳምንም፡፡ ሰባት ጀሪካን ውኃ አንዱን አኳሪየም ከፈተሸ በኋላ ተቀድቶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይፈትሻል፡፡

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዢም የተረከበውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ደንግጓል፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፡፡ እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁትን እርጥበት ጠርጌ ዝም ብያለሁ፤ አቤት ያልኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው፡፡ ደረሰኝም አልተቀበልኩም፡፡ በየትኛው ማስረጃ ልሟገት?

በእኔ እምነት መፍትሔው ከባድ አይደለም፡፡ ሠሪው አኳሪየሙን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፎ፣ ሁለት ቀን አቆይቶ ገዢው ባለበት ያሳይ፡፡ በደረሰኙም ላይ የመስታወቱን ውፍረትና የሲልከኑን ዓይነት ይጻፍ፡፡ ገዢው በበኩሉ ለዚህ የሚጠየቀውን ጥቂት ጭማሪ ሳያጉረመርም ይክፈል፤ ቤቱ ሲያደርስም ጠረጴዛው ቀጥ ማለቱን በውኃ ልክ አረጋግጦ፣ ዓሣ ሳይገዛ በፊት ዳግመኛ ሞልቶ ይፈትሽ፡፡ ይህን የሚያደርግ ሥራ ቤት ዋጋው ቢወደድም ደንበኛ የሚያጣ አይመስለኝም፡፡

እኔ በዋጋ ክርክር ያተረፍኩት ገንዘብ የጎረቤቴን ጣሪያ ለማስቀባት እንኳ አልበቃም፡፡ እኒያ እናት ግን ሒሳብ አልተሳሰቡኝም፡፡ ቀለሙ ደርቆ አልጋቸውን ወደ ቦታው ሲመልሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፡፡

«አሁንስ ሞልተህ ሞክረኸዋል፣ ልጄ?»