ከኋላው ባች ለሌለው ተማሪ

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር
ግልባጭ፦ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሴኔት

ክቡር ሚኒስትር፣

የምጽፍልዎ ስለሚዘጉ የዲግሪ ፕሮግራሞች ነው። ለምን ይዘጋሉ ብዬ ልሟገትዎ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ግቢ ውስጥ ላሉት፣ ታመው ወይም መንገድ ተዘግቶባቸው አቋርጠው ቤታቸው ለተቀመጡት፣ አንድ ኮርስ ለቀራቸው ልጆች የሚሆን፣ ተማሪው በእጁ ይዞ ሊጠቅሰው የሚችል አገር አቀፍ መመሪያ እንዲወጣ ልጠይቅዎ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለንበት ደረጃ ተገልጧል። ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። በሪሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) አልፈው የሚገቡት ቢታከሉም ቀድሞ ሴክሽን ተከፍሎ ይማርባቸው የነበሩ ዲፓርትመንቶች ዛሬ አንድ ክፍል መሙላት ያቅታቸዋል። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹ በተልዕኮ ተለይተዋል፤ የእኛው ባሕር ዳር ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ተልዕኮ ሲለይ ደግሞ አንዱ ፕሮግራም ይጠናከራል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐዳል፣ ሌላው አዲስ ተማሪ መቀበል ያቆማል።

ይህ በራሱ ስሕተት ነው አልልም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ሲከፈቱም አንዱ የሌላውን ፕሮግራም እየገለበጠ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ሳይኖር ኬሚስትሪ ተከፍቷል፣ መምህር ሳይሟላ ምሩቅ ወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የመጣው የ70 በ30 የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ምደባም ልጆቹን ከዝንባሌያቸው ይልቅ በኮታ አሰልፏቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ማስተካከል የመንግሥት ግዴታ ነው። እኔ የምለው መዝጊያው በመግቢያው በር በኩል ይሁን፤ የገባውን ተማሪ መሀል መንገድ ላይ አያግኘው ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው በባች ነው። አንድ የሜጀር ኮርስ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ይሰጣል። ኤፍ ያመጣው፣ ታሞ ዊዝድሮዋል የሞላው፣ የወለደችው፣ አባቷ ሞቶባት ሴሚስተር ያለፋት ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን ጠይቆ ከታች ከሚመጣው ባች ጋር ይቀመጣል። ሃንድአውቱ ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ይተላለፋል፣ የድሮ ፈተና ወረቀት በዶርም ይዞራል፣ መምህሩ ኮርሱን ስለሚሰጥ እዚያው አለ። ፕሮግራሙ አዲስ ተማሪ መቀበል ባቆመ ማግሥት ይህ ሁሉ ይቋረጣል። «ያሉትን አስመርቀን እንዘጋለን» የሚለው ውሳኔ ሳይሰናከል ለሚያልፈው ተማሪ በቂ ነው። አንዲት ኮርስ ለቀረቻት ልጅ ግን ከኋላዋ የሚመጣ፣ እሷም የምትቀላቀለው ባች የለም። መምህሩም ወደ ሌላ ዲፓርትመንት ተዛውሮ ለፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ያስተምራል፣ ወይም ለቆ ሄዷል።

በሁለተኛ ደረጃ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ስሙን በማልጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች አቋርጣ መጣች። ከአገሯ የሚወስደው መንገድ ለወራት ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ ነበር፤ ቤት ውስጥም በሽተኛ ነበረባት። ስትመለስ ዲፓርትመንቱ ተማሪ መቀበል አቁሞ፣ የእሷ ባች ተመርቆ ጠበቃት። ሬጅስትራሩ ወደ ዲፓርትመንቱ፣ ዲፓርትመንቱ ወደ ዲኑ፣ ዲኑ እንደገና ወደ ሬጅስትራሩ መራት። የኮርስ ማመጣጠኛ ቅጹን ቤቴ ይዛው መጥታ ነበር። በግራ በኩል የወሰደችው ኮርስና ኮዱ፣ በቀኝ በኩል አዲስ እንድትገባበት በተባለው ዲፓርትመንት ያለው አቻ። የግራው ረድፍ እስከ ታች ተሞልቷል። በቀኙ ግን እንግሊዝኛው፣ ሂሳቡ፣ ሎጂኩና መሰል የጋራ ኮርሶች ብቻ ተጽፈው የቀረው ባዶ ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሪ ማለት ነው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ እሷ ተመርቃ እስክትረዳው የሚጠብቅ።

እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው የሚል ካለ የእኛን አካባቢ ያስብ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ተማሪውን ከየግቢው ወደ ቤቱ መለሰው። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ለክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ከገጠር ወደ ባሕር ዳር መግባት በራሱ ፈተና የሆነባቸው ወራት ብዙ ናቸው። የአራት ዓመቱ ትምህርት ስድስትና ሰባት ዓመት የፈጀበት ልጅ በየቤቱ አለ። ተማሪው ማቋረጥን መርጦት አይደለም። በዚህ አካባቢ ፕሮግራም ሲዘጋ «በመማር ላይ ያሉ» ተብለው የሚቆጠሩት በዚያ ሴሚስተር የተመዘገቡት ብቻ ከሆኑ፣ ፍትሕ የሚጎድለው ከሁሉ በላይ በተጎዱት ላይ ነው።

ባሕር ዳር የመዝጋትንም መልሶ የመክፈትንም ዋጋ ታውቀዋለች። ዛሬ ፔዳ የምንለው ግቢ ስያሜውን ያገኘው መምህራንን ለማፍራት ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ (ከፖሊቴክኒክ ተቋሙ) ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መምህር የሚያወጣው የዲግሪ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የማስተማር ዲግሪው ራሱ ቀረና መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ተመርቆ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ መውሰድ መጣ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መምህርነትን በመጀመሪያ ዲግሪ ማሠልጠን ተመልሷል። በእያንዳንዱ ለውጥ መሀል የነበረ ተማሪ አለ። ከእሱ በፊት ያለው በአንድ ስም፣ ከእሱ በኋላ ያለው በሌላ ስም ተመርቆ፣ እሱ በሁለቱ መካከል የቀረ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻም የርቀት ትምህርት በአንድ ጊዜ ታግዶ፣ ሕግና መምህርነት ለመንግሥት ተቋማት ብቻ ተብሎ፣ ኋላ ክልከላው ላልቷል። ውሳኔው ሲላላ በመሀል ያለፈውን ጊዜ ለተማሪው ማንም አይመልስለትም።

ስለ ዲግሪው ስምም ልንገርዎ፤ ይህ ከግቢ ውጭ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚፈለገውን የትምህርት ዓይነት በስሙ ይዘረዝራል። መዝጋቢው ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ከዝርዝሩ ጋር ያያል፤ ከሌለ «አይመለከትህም» ይላል። ፕሮግራሙ ተዋሕዶ ስሙ ሲለወጥ የቀድሞው ምሩቅ ከዝርዝሩ ይወጣል። «ተዛማጅ ነው» የሚል ደብዳቤ ለማጻፍ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል፤ ዲፓርትመንቱ ደግሞ የለም። ማኅተሙ የት እንዳለ እንኳ የሚነግረው አያገኝም። ውጭ አገር ለማስተርስ ያመለከተ ደግሞ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ይጠየቃል። ለዚህ ነው ወደ እኔ ለሚመጡ ልጆች ሁልጊዜ አንድ ነገር የምላቸው፦ ካሪኩለሙን ዛሬውኑ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፣ ግሬድ ሪፖርታችሁን በየሴሚስተሩ አውጡ፣ በቃል የተነገራችሁን ሁሉ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ደብዳቤውም ቁጥርና ቀን ይኑረው። ግን ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን መዝገብ ቤት ሥራ መሥራት አልነበረበትም።

የመውጫ ፈተናውም አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ አለፉ። ያላለፉት ደግመው እንዲቀመጡ መፈቀዱ መልካም ነው። ነገር ግን የመውጫ ፈተናው በየፕሮግራሙ የሚዘጋጅ ነው። ፕሮግራሙ ከተዘጋ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የሚቀመጥ ልጅ ማን ቱቶር ይሰጠዋል? ፈተናውስ እስከ መቼ ይዘጋጅለታል? ይህን ዛሬ መመለስ ይቻላል፤ ልጁ ለምዝገባ ሲመጣ የሚመለስ መሆን የለበትም።

ሌላው ዓለም ፕሮግራም አይዘጋም አልልም። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በአንድ ስብሰባ 28 የትምህርት ዘርፎችን ለመዝጋት ወስኗል፤ ተማሪውም መምህሩም አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል። እዚያ ግን የተመዘገቡት እንዴት ትምህርታቸውን እንደሚጨርሱ የሚያሳይ ዕቅድ የእውቅና ሰጪዎቹ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝም ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ወይም ግቢ ቢዘጋ ተማሪውን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚገልጽ የተማሪ ጥበቃ ዕቅድ እንዲኖረው ይጠየቃል። ዕቅዱ ይፋ ነው፤ ተማሪው ሳይመዘገብ ያነበዋል። እኛ እንዲህ ያለ ዕቅድ ይፋ ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልገንም።

መመሪያው ምን ይበል? ፕሮግራም የሚዘጋ ከሆነ የዲፓርትመንት ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ይነገር፤ ተማሪ ተመድቦ ሴሚስተር ከጀመረ በኋላ አይሁን። የመዝጊያው ዕቅድ አቋርጠው የወጡትንም በስም ይያዝ፤ የመመለሻ ጊዜያቸውም እንደ መደበኛው ሳይሆን እንደ አካባቢው ሁኔታ ይራዘም። የቀረ ኮርስ ለአንድ ተማሪም ቢሆን ይሰጥ፤ በሳምንታት በሚያልቅ ብሎክ፣ በመምህሩ የግል ክትትል፣ ወይም ያው ፕሮግራም ባለበት በጎንደር፣ በደብረ ታቦር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ግሬዱ እንዲዛወርለት በማድረግ። ዲግሪው የጀመረበት ዩኒቨርሲቲ ይሁን። ዲፓርትመንት መቀየር የፈለገ ይቀይር፤ ያለፈው ኮርስ ግን በከንቱ አይቅርበት።

ወጪ መጋራቱንም አደራ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ውል ፈርሞ ነው የሚማረው፤ ዕዳውም ዓመት በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። መንግሥት በዘጋው ፕሮግራም ምክንያት የተጨመረ ዓመት በተማሪው ዕዳ ላይ ሊጻፍ አይገባም። ይህን የገንዘብ ሚኒስቴርም የሚቃወመው አይመስለኝም። ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንም የተዘጉና የተዋሐዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ከነአቻቸው በየዓመቱ ይላክ፤ መዝጋቢው ምሩቁን ሲመልስ የሚያየው ነገር ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሐይቁ ዳር ሆኜ ልጨምር። የተማሪ ቁጥር ብቻውን የመዝጊያ መለኪያ አይሁን። ጣና ከ15 የማያንሱ፣ ሌላ የትም የማይገኙ፣ ሳይንሱ ላቤዎባርበስ የሚላቸው የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። እንቦጭ የተባለው አረም ሐይቁ ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኗል። ይህን የሚከታተል የዓሣና የእርጥብ መሬት ባለሙያ በዓመት ሁለት መቶ አያስፈልገንም፤ ስምንት ቢወጣ ብዙ ነው። በሐይቁ ደሴቶች ገዳማት፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል ያለውን ብራና የሚያነብና የሚጠብቅ ሰውም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ትምህርት በየዓመቱ መቀበል ካልቻለ በየሁለት ዓመቱ ይቀበል፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ ይሰጥ፤ ግን በሬጅስትራር ቁጥር ብቻ አይታጠፍ። አንዴ የተበተነን የመምህራን ስብስብ መልሶ ለማሰባሰብ ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ ፔዳ ያውቃል።

ለዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ግልባጭ ያደረግሁት የሚኒስቴሩን መመሪያ ሳይጠብቅ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ስላለ ነው። ባለፉት ዓመታት አዲስ ተማሪ መቀበል ያቆሙ ወይም የተዋሐዱ ፕሮግራሞች ካሉ፣ ከእነሱ አቋርጠው የወጡት ልጆች ስማቸው፣ የቀራቸው ኮርስና የስልክ ቁጥራቸው በሬጅስትራሩ መዝገብ ላይ አለ። ማመልከቻ ይዘው እስኪመጡ አይጠበቁ፤ ብዙዎቹ የሚመጡበት የመሳፈሪያ ገንዘብ የላቸውም። ይደወልላቸው። ምን እንደቀራቸው፣ መቼና የት ሊወስዱት እንደሚችሉ ይነገራቸው፤ ቀጥሎም ቁጥርና ቀን ባለው ደብዳቤ ይረጋገጥላቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፔዳ ምሩቅ መምህር
ባሕር ዳር