መንጠቆና ዕድር

እንግሊዝ አገር የባሕር ዓሣ አጥማጆች ውድድር ያዘጋጁና የመመዝገቢያውን ገንዘብ ለነፍስ አድን ጀልባዎች ይሰጣሉ። እኔም 10 ፓውንድ ከፍዬ ገባሁ፤ ዓሣ ግን አልያዝኩም። ለአንድ ያገሬ ልጅ ስነግረው ሳቀብኝ፦ «መንግሥት ምን ሊሠራ ነው? ልመና እኮ ነው!»

የለም ወንድሜ፣ ዕድር ነው። አርኤንኤልአይ እ.ኤ.አ. በ1824 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በዋናነት የሚኖረው ሰው በሚሰጠው ገንዘብ ነው። አብዛኛው ጀልበኛ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሲጠራ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። በታኅሣሥ 1981 ከማውስሆል መንደር የወጡ 8 ሰዎች የሌላውን ነፍስ ሊያድኑ ሄደው አልተመለሱም።

አጥማጁ ባሕሩን ስለሚያውቅ ያዋጣል። ጀልባዋ ግን «ከፍለሃል ወይ?» ብላ አትጠይቅም። በ2021 «ስደተኛ ታመላልሳላችሁ» ተብለው ሲሰደቡ መዋጮው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ያንን ባሕር በላስቲክ ጀልባ ከሚሻገሩት መካከል የኛም ልጆች አሉ።

የኛ ዕድር ድንኳን ይዞ የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ለቀብር ሰስተን አናውቅም። ታዲያ ሰውዬው ገና እየተነፈሰ ሳለ ስንጠየቅ፣ «የመንግሥት ሥራ ነው» የምንለው ምን ነክቶን ነው?