ዓይን ያየውን ስለ መጻፍ

አንዳንድ ተማሪ በሳይንስ ትምህርት የመረመረውን ነገር ሲጽፍ፥ መጽሐፉ ያለውን እንጂ ዓይኑ ያየውን አያሰፍርም። ይህም ከስንፍና ይልቅ ከፍርሃት ይመጣል። በአዲስ አበባ ውሃ አፍልቶ በቴርሞሜትር የለካ ልጅ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ያገኛል፤ መጽሐፉ ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ልጁም የተሳሳተ መስሎት 92ን ፍቆ 100 ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው ቍጥር ግን የተፋቀው ነው። መጽሐፉ የተናገረው በባሕር ጠረፍ ስለሚፈላ ውሃ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ አየሩ በውሃው ላይ የሚጫነው ክብደት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ሙቀቱ 100 ሳይደርስ ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው።

92 ብሎ የጻፈ ተማሪ «ስለ ምን አነሰ?» ብሎ ይጠይቃል፥ እስከ አየር ክብደትም ይደርሳል፤ 100 ብሎ የጻፈው ግን የሚጠይቀው ነገር የለውም። መምህርም ከመጽሐፉ ጋር የተስማማውን ቍጥር ብቻ ቢያመሰግን፥ ልጁን መፋቅ ያስተምረዋል። ምናልባት ቴርሞሜትሩ የተበላሸ እንደ ሆነ፥ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ አግብቶ 0 ማሳየቱን መመልከት ይገባል፤ ይህም የታየው ሁሉ፥ የተለካበት ቦታም ጭምር፥ በጽሑፉ ይግባ።