«ሲስተሙ ተቀብሎታል»

ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ ክርክር የሚያስቆመው ቃል «አለቃ ብለዋል» ነበር። ዛሬ አለቃ ተሽረው ሲስተም ነግሷል። «ይሄ ሂሳብ እኮ ልክ አይመስልም» ስትሉ፣ «ሲስተሙ ተቀብሎታል!» ትባላላችሁ። በቃ፣ ይግባኝ የለም። በማይሠራበት ቀን ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባልና ሁላችንም ወደየቤታችን እንመለሳለን። ሲኖር ዳኛ፣ ሳይኖር ሰበብ! እንዲህ ያለ ሹመት ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?

ይህን ያስነሳኝ በአንድ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ስብከት ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዱን የጆርናል ምዝገባ ማሽን ራሱ ይመረምረዋል፤ ስህተት የሚባል ነገር ይቀራል፤ የሂሳብ ሠራተኛውም ቁጥር ከማስገባት በቀር ሥራ አይኖረውም ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን እጄ አልታዘዘልኝም።

ማሽኑን አልጠላም፤ ሐሜት እንዳይሆንብኝ ውለታውን ላስቀድም። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን የሁለት ወገን አመዘጋገብ ካብራራ ጀምሮ፣ የሂሳብ ሰው ጭንቀት ሁለቱን ጎን ማስተካከል ነው። በአንዱ 5,400 ብላችሁ በሌላው 4,500 ብትጽፉ ልዩነቱ 900 ይመጣል። ይህ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ሲለዋወጡ ሁሌም እንዲሁ ነው። የድሮ ሂሳብ ሹሞች በዚህች ብልሃት ስህተት ሲያድኑ ያመሹ ነበር። ዛሬ «ፒችትሪ በአጭር ጊዜ እናሠለጥናለን» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ የለም፤ የመንግሥት ሂሳብም አይቤክስ በሚባለው ሥርዓት እስከ ወረዳ ወርዷል። ማሽኑ ያልተመጣጠነውን አይቀበልም፤ የተደገመ የደረሰኝ ቁጥር፣ የሌለ የሂሳብ መደብ፣ የተዘለለ ቀን እንዲይዝ ሊደረግ ይችላል። እሰየው! ዓይን ከማፍሰስ አድኖናል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የቅርጽ ምርመራ ነው። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና በማውቀው ልመስል። ዲማ ወይም ዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ላይ አንድ ተማሪ ቅኔ ቢያቀርብ፣ መምህሩ ቤቱ መምታቱን፣ ልኩ መሙላቱን ሰምተው «ይበል» አይሉም። «ወርቁ የታለ?» ይላሉ። ሰሙ አምሮ ወርቅ የሌለው ቅኔ ባዶ ነው። የሂሳብ ሰነድም እንዲሁ ነው። ደረሰኙ ሰም ነው፤ ወርቁ በእርግጥ የሆነው ነገር ነው። ዕቃው ገብቷል ወይ? ሰውየው ሠርቷል ወይ? ማሽኑ ቤት መምታቱን ያያል፤ ወርቁን ግን አይጠይቅም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት የአነደድ ወረዳ ከተማ አምበር ናት። እዚያ ጡረታ ከወጡ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሂሳብ ሹም ጋር ስንጨዋወት እንዲህ አሉኝ፦ «በነሐሴ ወር 12 መኪና አሸዋ ገባ የሚል ሰነድ መጣልኝ። ደረሰኙ ሙሉ፣ ሞዴል 19 የተፈረመበት፣ ድምሩ ልክ። ልጄ፣ በነሐሴ ወደዚያ ቀበሌ እንኳን መኪና በቅሎም አይገባም፤ ማጥ ነው! ‹መኪናው በምን በረረ?› ብዬ መለስኩት።»

ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሰነድ ለማሽን ቢሰጥ ምን ጎደለው? ዴቢቱ ከክሬዲቱ እኩል ነው። ቀኑ ትክክል፣ ቁጥሩ ያልተደገመ። ሲስተሙ በደስታ ይቀበለዋል። «እሱንም እናስተምረዋለን» የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ግን የሚያስተምረው ማን ነው? ያው ማጡን የረገጠው ሰው ነዋ! እሱን ደግሞ ቁጥር አስገቢ አድርጋችሁታል።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ተደጋግመው የሚነሱትን አስታውሱ፦ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ። ከእነዚህ የመደመር ስህተት የትኛው ነው? አንዱም። ሁለት ጎኑ ተስተካክሎ ሊመዘገብ የሚችል ጉድ ነው።

ማሽኑ ራሱ ሲስትስ? መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የሆነውን ማን ይረሳል! የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኛው በሂሳቡ ያለውን ሳያይ ይከፍል ጀመር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት በየኤቲኤሙ ተሰለፉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ተናገረ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍም ደረሰ። ያን ሌሊት «ሲስተሙ ተቀብሎታል» ያልተባለለት ብር አልነበረም።

ይህ ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ሲል ነው። የከፋው ደግሞ ልኩን ስህተት ነው ሲል ነው። እንግሊዝ አገር ፖስታ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የሚባል የሂሳብ ሥርዓት ዘረጋ። ሲስተሙ «ገንዘብ ጎድሏል» ባለ ቁጥር በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ተከሰሱ፤ ከ900 በላይ ተፈረደባቸው። የታሰሩ፣ ከኪሳቸው የከፈሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ራሱ እንከን እንዳለበት ወሰነ፤ በ2024 ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ጠበቃና ጋዜጣ በሞላበት አገር ነው። የእኛዋ የወረዳ ገንዘብ ያዥ «ጎድሎብሻል» ብትባል ለማን አቤት ትላለች?

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ማሽኑ ይመርምር፤ ፈራጁ ግን ሰው ይሁን። ማሽኑ ያስጠነቀቀውን ማን አይቶ ምን ብሎ እንዳለፈው በስም ይመዝገብ። የተዘጋ ወርን ከፍቶ ማስተካከል የሚችለው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ጉድለት የተባለበት ሠራተኛ ከመቀጣቱ በፊት የሲስተሙን ዱካ የማየት መብት ይኑረው። የሂሳብ ሠራተኛውም ከወንበሩ ተነስቶ መጋዘኑን ያይ ዘንድ ቀንም አበልም ይመደብለት፤ ለሥልጠና አዳራሽ የሚወጣው ለዚህ ቢውል ምን አለበት?

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል። መጠርጠር ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ይህን ሥራ ለማሽን አስረክበን እኛ እናጨብጭብ ማለት፣ ለሌባው «በሩን ቀለም ቀብተን ጠብቀንሃል» እንደ ማለት ነው። ቀጥሎ «ማን ፈረመ?» ሲባል የሚመጣውን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ «ሲስተሙ ተቀብሎታል።»