ኪኒኑ እንዳይቋረጥ

ፍኖተ ሰላም ገበያ መሀል ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት «ክብሪት! ክብሪት!» ነው። አንዱ ጭሮ አፍንጫው ሥር ያጨስበታል፤ ሌላው «አትንካው፣ ይጋባል» እያለ ያፈገፍጋል። የሚጥል በሽታ አይጋባም። ሰውየውም በራሱ ጊዜ ይነቃል፤ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ ይሆናል።

ክብሪቱስ ይሁን፣ እኔን የሚያሳስበኝ ኪኒኑ ነው። ኪኒኑ፣ ማለትም ፌኖባርቢታል፣ አዲስ መድኃኒት አይደለም። ሀውፕትማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ይህን በሽታ እንደሚገታ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ በትንሹ በ5 ዶላር የዓመት መድኃኒት ይገኛል፤ በአግባቡ ከታከሙም ከመቶ ሕሙማን እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ሕሙማኑ ከ1000 ሰው 5 ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህ ዘመናዊ መድኃኒት የሚወስዱት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ዛሬ ኪኒኑ ጤና ጣቢያ ድረስ ወርዷል። አሁን ያለው ጣጣ መቋረጡ ነው።

ገበሬው ለምን ያቋርጣል? አንዱ ምክንያት «ያደነዝዘኛል» ነው፤ እውነቱን ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ለዚህም ነው ማታ ሲተኙ የሚዋጠው። ሌላው ጥቂት ወራት ሳይጥለው ሲቆይ «ድኛለሁ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ጠበል ሲገባ ይተወዋል። ጠበሉን ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ፤ ምን ያጣላቸዋል? ወንዝ ዳር ያለ ጠበል ከሆነ ግን ብቻውን አይግባ። በድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል ያልተቋረጠ መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል፤ እሱም ሊገድል ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል፤ ያውም ሁለት ዓመት ያህል ሳይጥል ከቆየ በኋላ።

ስለ ሴቶች ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ፌኖባርቢታል በክንድ የሚቀበረውንና የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ያዳክማል። ያላሰበችው እርግዝና ከመጣ በኋላ ከመደንገጥ ኪኒኑን ስትጀምር መንገር ይሻላል፤ የሦስት ወሩን መርፌ አያሰናክለውም።

ከሁሉ የሚከፋው መንገዱ ነው። ከደጋ ዳሞት ልጇን ይዛ የምትወርድ እናት 30 ፍሬ ተቆጥሮላት ትመለሳለች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋ ኪኒኑ አብሮ ይዘጋል፤ ልጁ ምድጃ ላይ የሚወድቀው ያኔ ነው። ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት መሆኑን አውቃለሁ። ቁጥጥር ግን በየወሩ ማመላለስ ማለት አይደለም፤ የሦስት ወሩም መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ስለዚህ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ ሕመሙ ለረጋለትና ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ የሦስት ወር ይሰጠው። አንባቢ ሆይ፣ ቤትዎ ኪኒኑን የሚወስድ ካለ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይነሡ፤ ያለቀ ዕለት አይጠብቁ።