ሐር የለበሰ ግድያ
ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1974 ከአጋታ ክሪስቲ ድርሰት ያዘጋጀውን «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» የተባለውን ፊልም ተመልክቼ በባቡሩ ጌጥ፣ በሴቶቹ ልብስና በአልበርት ፊኒ ጢም ተደስቼ ወጣሁ። ማደሪያዬ ስደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

ሕፃን አስጠልፎ ያስገደለ ሰው ከሕግ አመለጠ፤ ብዙ ሰዎች ተማክረው በተኛበት በጩቤ ወጉት። መርማሪው ፗሮ እውነቱን ደርሶበት ሳለ ለፖሊስ ሐሰቱ እንዲነገር ተስማማ። ገዳዮቹ ብርጭቆ አጋጩ፤ እኛም አጨበጨብን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሟቹን ክፋት አልክድም። ነገር ግን ያው ድርጊት በጭቃ ጎጆ ውስጥ፣ በኩራዝ ብርሃን ቢፈጸም ኖሮ ፍርድ እንለው ነበርን? ነገ ዳኞችና ጠበቆች የምንሆን ሰዎች፣ ያጨበጨብነው ለፍትሕ ነው ወይስ ለልብሱ? እስቲ የሚመስላችሁን ጻፉ።