መጨረሻ የወጣውን ልጅ ቸኩለን አናሰናብት





በሥራዬ ምክንያት የምኖረው በደገሀቡር ከተማ ነው። በቅርቡ ፀሐይዋ በረድ ስትል የተማሪዎች ሩጫ ለማየት ሄጄ ነበር። በ100 ሜትር ከሁሉ ኋላ የቀረውን አንድ ቀጭን ልጅ አሠልጣኙ «አንተ ለሩጫ አልተፈጠርክም» ብሎ ስሙን ከመዝገቡ ሠረዘው። ልጁን ጠርቼ ብጠይቀው፣ ትምህርት ሲዘጋ ከአባቱ ግመሎች ጋራ ከንጋት እስከ ምሽት ሲጓዝ እንደሚውል ነገረኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

ስለ ማሞ ወልዴ ጥቂት ላስታውስ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው ማሞ በሜልቦርን የሮጠው 800 ሜትር፣ 1500 ሜትርና 4 በ400 ሜትር የዱላ ቅብብል ነበር፤ በአንዱም ከማጣሪያው አላለፈም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10 ሺሕ ሜትር 4ኛ ወጣ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በዚሁ ርቀት ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንድ ሴኮንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀድሞት የብር ሜዳልያ ተቀበለ። ከሳምንት በኋላ ጥቅምት 10 ቀን፣ አበበ ቢቂላ ባቋረጠው ማራቶን፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገብቶ ወርቁን ለሀገሩ አስገኘ። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በ40 ዓመቱ በሙኒክ ማራቶን 3ኛ ሆነ።

እንግዲህ በሜልቦርን የማጣሪያ ውጤት ብቻ ተፈርዶበት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በቀረ ነበር። ከ800 ሜትር እስከ 42 ኪሎ ሜትር የሞከረው ሰው ዕድሉን ያገኘው በ12 ዓመት ትዕግሥት ነው።

መጨረሻ የወጣ ሁሉ ማሞ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ልጅ ከመሠረዙ በፊት በአጭር፣ በመካከለኛና በረዥም ርቀት ይሞከር፤ ሰዓቱ በደብተር ይመዝገብ፤ ከዓመት በኋላም እንደገና ይታይ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ከሥራ በኋላ በየሻይ ቤቱ የምናሳልፈውን ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ብናውለው አይከብደንም።

እኔ በበኩሌ ደብተሩን ገዝቻለሁ። የመጀመሪያውም ስም የዚያ ልጅ ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከደገሀቡር